የኢግል ስካውት ማዕረግ ኮሌጅ በር ላይ ምን ያህል ይመዝን?

ሰመር አልቆ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለአቅመ ኮሌጅ የደረሰ ልጅ ያላቸው የአገሬ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ስካውት ኮሌጅ ለመግባት ይጠቅማል?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የስካውት ቡድን በበጎ ፈቃድ ስለማግዝ ነው። አንዱ ልጁን ገና ሊያስመዘግብ ያስባል። አንዷ ደግሞ ልጇ «ሰለቸኝ፣ ልተወው» ብሏት ግራ ገብቷታል። ሁሉም አጭር መልስ ይፈልጋሉ። እኔ ግን አጭር መልስ የለኝም። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ በደንብ ይገባኛል። እኛ ያደግነው አንድ ፈተና ሁሉን ነገር በሚቆርጥበት አገር ነው። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ይባል ነበር። ነጥብ መጣልህ ወይም አልመጣልህም፤ አለቀ። ዛሬም መንገዱ አልተለወጠም። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አያቱን ሲያስታምም የከረመውን ልጅ «ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ጨካኝ አሠራር ነው። ቢሆንም ሁሉም ሰው የቆመበትን ያውቃል።

አሜሪካ ስንመጣ ነገሩ ጉም ይሆንብናል። ውጤት አለ። ድርሰት አለ። የመምህር ድጋፍ ደብዳቤ አለ። ከትምህርት ውጭ ምን ትሠራለህ የሚል አለ። ብዙ የግል ኮሌጆች ውስጥ አባትህ እዚያ ተምሮ ነበር ወይ የሚልም አለ። ጉም ውስጥ ያለ ወላጅ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ ስም ያለው፣ ሜዳልያ ያለው፣ ሲጠሩት የሚከብድ። «ልጄ ኢግል ስካውት ነው» ማለት እንደዚያ ያለ ነገር ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ስካውት ልጆችን በካምፕና በአገልግሎት የሚያሳድግ የወጣቶች ድርጅት ነው። የአሜሪካ ቦይ ስካውት የተመሠረተው በ1910 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኢግል የመጨረሻው ማዕረግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው የኒው ዮርኩ አርተር ኤልድሬድ ሲሆን፣ ዘመኑም 1912 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ደርሰውበታል። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ኢግል ነበር። ጨረቃ ላይ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግም እንዲሁ። ቢሆንም ስካውት ከሚገቡት ውስጥ እዚህ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል።

ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው 21 ሜሪት ባጅ፣ ማለትም አንድ ሙያ ወይም ትምህርት ሲያጠናቅቅ የሚሰጠውን ምልክት፣ ማሟላት አለበት። ከነዚህ የሚበዙት ግዴታ ናቸው፤ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ምግብ ማብሰል፣ ካምፕ፣ የዜግነት ትምህርት። የካምፑ ባጅ ብቻውን 20 ሌሊት ድንኳን ውስጥ ማደር ይጠይቃል። ለገንዘብ አያያዙ ባጅ ደግሞ ልጁ ለ13 ሳምንት ገቢና ወጪን መመዝገብ አለበት። እኔ በበኩሌ ይህን ባጅ ለአዋቂም ባዝዝ ደስ ይለኛል። ከኢግል በፊት ላይፍ የሚባል ማዕረግ አለ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 6 ወር በቡድኑ ውስጥ ኃላፊነት ይዞ ማገልገል አለበት። መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት አለ። ፕሮጀክቱ የሚጠቅመው ትምህርት ቤትን፣ የእምነት ቤትን ወይም ሰፈሩን እንጂ ራሱን ስካውትን መሆን የለበትም። ገንዘብ አሰባስቦ መስጠት ብቻም ፕሮጀክት አይባልም። ልጁ ሰው አስተባብሮ መምራት አለበት።

የዚህ ሁሉ ክብደት በቁጥር አይታይም። በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ይቆለል ነበር። እንደምታውቁት ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም ጎንበስ ብሎ የራሱን ይፈልጋል፤ ሕፃናት ይረግጡታል፤ ክረምት ላይ የበረዶ ውኃ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። አንድ የ16 ዓመት ልጅ መደርደሪያ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ደንቡ እንደሚለው መጀመሪያ ተጠቃሚው ተቋም ሐሳቡን ተቀብሎ መፈረም አለበት። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቀረበ። አማርኛው የተሰባበረ ነው። ሰብሳቢው፣ ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው፣ ወረቀቱን አዩና «አባትህ ለምን አልመጣም?» አሉት። «ጋሼ፣ ሥራው የእኔ ስለሆነ ነው» አለ። ፊቱ ቀልቷል። ግን አልተመለሰም።

ልጁ የጫማውን ብዛት ቆጥሮ ነበር የመጣው። ሰብሳቢው «የቆጠርከው ተራ እሑድ ነው። ሆሳዕና ዕለት ና» አሉት። ሄዶ ቆጠረ። ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነበት። ንድፉን ቀደደና እንደገና ሠራ። ሲለካ ያዩት አንዲት እናት ደግሞ ጠሩት። «የኔ ልጅ፣ መደርደሪያው ደግ ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ማውለቅ አልችልም። መቀመጫ አድርግልኝ» አሉት። በሁለተኛው ንድፍ ላይ መቀመጫ ጨመረ። ለእንጨት የያዘው ገንዘብ አልበቃው ሲል በየሱቁ እየዞረ ቁራጭ እንጨት ለመነ።

በሥራው ቀን አንድ የታወቁ አናጺ ሊረዱ መጡ። መጋዙን አንስተው ሊጨርሱለት ጀመሩ። በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር፤ የእሳቸው እጅ ከሆነ። ልጁ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ እባክዎ ልጆቹን ያሳዩአቸው እንጂ አይሥሩላቸው» አላቸው። አናጺው ቆም ብለው አዩት። መጋዙን ለአንድ ታዳጊ ሰጡና ከኋላው ቆሙ። ያ ሥራ ቅዳሜውን በሙሉ ፈጀ።

እኔ የኮሌጅ ማመልከቻ መርማሪ ብሆን የምፈልገው ይህን ነው። ሽማግሌ ፊት መቆምን፣ ንድፍ መቅደድን፣ አሮጊት እናት የተናገሩትን መስማትን፣ ከእሱ የሚበልጥ ባለሙያን በአክብሮት ማስቆምን። ይህ ከ16 ዓመት ልጅ ሲገኝ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ዋጋ አይሰጥ የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ዋጋ መስጠትና ለስሙ ክብር መስጠት ግን ለየቅል ናቸው። የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ሥራው ይመዘን፤ የስሙ ዝና ግን ኮሌጅ በር ላይ ልዩ መብት አይሁን።

መጀመሪያ ነገር፣ ብዙ ወላጅ እንደሚያስበው አይደለም። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። እዚያ ውስጥ ተማሪ ሲቀበሉ ለየትኛው ነገር ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጡ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። የትምህርት ውጤት፣ የተወሰዱት ኮርሶች ክብደት፣ ድርሰት፣ ባሕርይ፣ በጎ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ እያለ ይዘረዝራል። ኢግል ስካውት የሚል መስመር የለውም። በቴክሳስ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ከክፍሉ የላይኛው 10 ከመቶ ውስጥ የወጣ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመግባት መብት በሕግ አለው። ትልቁ የኦስቲን ዩኒቨርሲቲ መቶኛውን ቢያጠበውም መሠረቱ ያው የክፍል ደረጃ ነው። ማዕረጉ በግልጽ የሚታይ ጥቅም ያለው ወታደሩ ቤት ነው። ኢግል የሆነ ልጅ ሲቀጠር ከተራው ከፍ ባለ ደረጃ ሊጀምር ይችላል። ዌስት ፖይንትን የመሳሰሉ የጦር አካዳሚዎችም ይጠይቁታል። ለእነሱ ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ሥራቸው ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ይከብዳል። ስካውት ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር አይደለም።

ምዝገባ አለ። የደንብ ልብስ አለ። የሰመር ካምፕ አለ፤ እሱ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ጊዜው ነው። ሳምንታዊ ስብሰባ አለ። አርብ ማታ ተጭኖ እሑድ እኩለ ቀን የሚመለስ ካምፕ አለ። ኡበር የሚነዳ አባት ትልቁን ገቢ የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት ሌሊት ትገባለች። ልጁን ማን ያድርሰው? ማን ይመልሰው? የእኛ ቤት ደግሞ ሌላም አለበት። እሑድ ቅዳሴ ነው። ዓቢይ ጾም ላይ ካምፕ ሲወጣ እሳት ላይ የሚጠበሰው ሆት ዶግ ነው። ቡድኑ ቅን ከሆነ ሌላ ያዘጋጃል። ግን መጠየቅ አለብህ። መጠየቅ የሚያፍር ልጅ ዳቦውን ብቻ በልቶ ያድራል። የጫማ መደርደሪያውን የሠራውን ልጅ ለዓመታት ወደ ካምፕ ያመላለሰው የሌላ ስካውት አባት ነበር። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ማዕረጉም አይኖርም ነበር። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው።

ዝናው የተገነባበትንም ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሴቶች ልጆች ወደዚህ ማዕረግ የሚወስደው መንገድ የተከፈተላቸው በ2019 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሴት ኢግሎች በ2021 ወጡ፤ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋሉ። ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ዝግ ነበር። ግብረ ሰዶማውያን ታዳጊዎችን የሚከለክለው ደንብ የተነሳው በ2014 ነው። የሴቶች ልጆች ድርጅት የሆነው ገርል ስካውት የራሱ የወርቅ ሽልማት አለው። ከ1980 ጀምሮ በዚህ ስም ይሰጣል። ሥራው ከባድ ነው፤ ልጅቷ በሰፈሯ ያለ ችግር መርጣ ዘላቂ መፍትሔ መሥራት አለባት። ሆኖም እስቲ ሰው ጠይቁ። ኢግልን የሚያውቅ አሥር ሰው ብታገኙ የወርቅ ሽልማቱን የሚያውቅ አንድ ብታገኙ ነው። ድካሙ ተመሳሳይ ሆኖ ዝናው ለወንዶቹ ብቻ ከሄደ፣ ዝናው ድካምን አይለካም ማለት ነው።

ሊታለፍ የማይገባው ከባዱ ነገርም አለ። ድርጅቱ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከ82,000 በላይ ሰዎች በልጅነታችን ስካውት ውስጥ ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለው አመልክተዋል። የካሳው ስምምነት ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎ ለውጧል። ዛሬ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዲሆን አይፈቀድም። እኔም ስገባ ሥልጠናውን ወስጄአለሁ፤ ደንቡ ሲጣስ ዝም አልልም። በድርጅቱ ውስጥ እያገለገልኩ ይህን የምጽፈው ልጃቸውን የሚሰጡ ወላጆች ማወቅ ስላለባቸው ነው። ከዚያ በጊዜ ወጥቶ ማዕረጉ ላይ ሳይደርስ የቀረ ልጅ ምን አይቶ እንደወጣ ኮሌጁ አያውቅም።

ሦስተኛው፣ ማዕረጉ የኮሌጅ መግቢያ ሲሆን ራሱ ስካውት ይበላሻል። ይህን በቅርብ አያለሁ። በአንድ ቅዳሜ ብዙ ባጅ የሚሰጥባቸው ዝግጅቶች አሉ። ልጆቹ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳሉ፣ ወረቀት ይሞላሉ፣ ይፈረምላቸዋል። ጥሩ አስተማሪ ያለበት ክፍል አይጠፋም። ግን እንዲህ በጅምላ ተምሮ የወጣውን ልጅ ሳምንት ቆይታችሁ ቋጠሮ እሰር ብትሉት አይችልም። ወላጅ የፕሮጀክቱን ሰነድ ራሱ ይጽፋል። ኢሜይሉን እናት ትልካለች። ልጁ በ14 ዓመቱ ይጨርስና ከዚያ በኋላ ቡድኑ ውስጥ አይታይም። ታናናሾቹን የሚያስተምርበት ዕድሜ ገና እየመጣ ነበር። ስካውት ማለት ደግሞ ዋናው እሱ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ማሳየቱ።

አንዲት ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ስካውት አይደለችም። እናቷ ሌሊት ትሠራለች። ጠዋት ሁለት ወንድሞቿን ቀስቅሳ፣ አብልታ፣ አውቶቡስ ላይ የምታሳፍረው እሷ ናት። አያቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪም ቤት አብራ ትቀመጣለች፤ ሐኪሙ የሚለውን ወደ አማርኛ፣ አያቷ የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። አያቷ መድኃኒቱን እየዘለሉ መሆናቸውን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። ለሐኪሙ የነገረችውም እሷ ናት፤ አያቷ ተቆጥተዋት። ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ካሽ ትይዛለች።

የኮሌጅ ማመልከቻዋን ልናይ አብረን ተቀመጥን። ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ አሥር እንቅስቃሴ ድረስ መዘርዘር ይፈቅዳል። ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ነው የሚሰጠው። አሥሩንም ባዶ ትታዋለች። «ጋሼ፣ እኔ አክቲቪቲ የለኝም» አለችኝ። እናቷም አጠገቧ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች፤ የሷ ጥፋት የሆነ ይመስል።

አሳየኋት። ከምርጫዎቹ ውስጥ የሚከፈልበት ሥራ የሚል አለ። የቤተሰብ ኃላፊነት የሚልም አለ። ማንም አልነገራትም። ትምህርት ቤቷ አማካሪ አላት፤ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን ብቻዋን የያዘች አማካሪ። አንድ በአንድ ጻፍን። ለአያቷ የተረጎመችበትን መስመር ስትጽፍ «ይሄ ይቆጠራል?» አለች። ይቆጠራል። መቆጠር አለበት። የጫማ መደርደሪያውን የሠራው ልጅ ያሳየውን ጥንካሬ ይህች ልጅ በየጠዋቱ ታሳያለች። ልዩነቱ የሷን የሚፈርምላት አለመኖሩ ብቻ ነው።

ይህን ስል ኢግልን ማንኳሰሴ አይደለም። ኮሌጅ በር ላይ ከሚቀርቡት ነገሮች ብዙዎቹ ከሱ የባሱ ናቸው። በሺህ ዶላር የሚከፈልባቸው የሰመር «የአመራር» ፕሮግራሞች አሉ። አባት እዚያ ስለተማረ ብቻ ልጅ የሚቀድምበት አሠራር አለ፤ የእኛው ሜሪላንድ በ2024 በመንግሥትም በግልም ኮሌጅ ይህን በሕግ ከልክሏል፤ ደግ አደረገ። በ2019 የወጣውን ቅሌት የማያስታውስ የለም፤ ሀብታም ወላጆች ስፖርት የማይጫወት ልጃቸውን ስፖርተኛ ነው አሰኝተው በገንዘብ ያስገቡበትን። ከነዚህ ጋር ሲተያይ ኢግል ንጹሕ ነገር ነው። ዓመታት ይፈጃል። ልጁ የመጨረሻው ቦርድ ፊት ሲቀርብ ወላጅ አብሮ አይቀመጥም። ልጁ በራሱ አፍ ይመልሳል።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ወላጆች የምለው እንዲህ ነው። ልጅህ ከወደደው አስገባው። ካምፑን፣ ምግብ ማብሰሉን፣ ሰው መምራቱን ከወደደ ይቀጥል። ለኮሌጅ ብለህ ብቻ ከሆነ ያንን ቅዳሜ ሒሳብ ይሥራበት፤ ወይም ይተኛበት። ልጅህ ማዕረጉን ካገኘ ደግሞ ስሙን ብቻ ጽፎ አይለፍ። አንባቢው ኢግል የሚለውን ቃል በብዙ ማመልከቻ ላይ ያየዋል። ሆሳዕና ዕለት ጫማ ቆጥሮ ንድፉን የቀደደውን ልጅ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚያየው።

የቡድናችን መሪ፣ ስካውትማስተሩ ወዳጄ፣ በዚህ አይስማማም። ሃያ ዓመት ያህል ልጆች ያሳደገ ሰው ነው፤ አከብረዋለሁ። «15፣ 16 ዓመት ሲሞላቸው መንጃ ፈቃድ ይመጣል፣ ሥራ ይመጣል፣ ፍቅር ይመጣል። የሚያቆያቸው ኮሌጅ ብቻ ነው። እሱንም ካነሳህባቸው ማንን ላስተምር ነው?» ይለኛል። ስጋቱ እውነት ነው። እኔ ግን እንዲህ እለዋለሁ፤ ላይፍ ላይ ደርሶ የሚሄድ ልጅ የወደቀ ልጅ አይደለም። ደም ማቆም ያውቃል፣ እሳት ማንደድ ያውቃል፣ በጀት መያዝ ያውቃል። ማመልከቻ ላይ ሊጽፈው ሲል ቀና ብሎ የሚጽፈው ብዙ ነገር አለው። ለሜዳልያው ብሎ ሁለት ዓመት አኩርፎ ከሚቆይ ይልቅ፣ አቅፈን ብንሸኘው ታናናሾቹ ደህና ነገር ያያሉ።

እስካሁን አልተስማማንም። አንድ ነገር ላይ ግን ተግባብተናል። አብዛኛው የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ ኖቬምበር 1 ስለሚዘጋ፣ ኦክቶበር ላይ የስብሰባ አዳራሹን ለአንድ ምሽት ክፍት እናደርጋለን። ስካውት የሆነም ያልሆነም የ12ኛ ክፍል ልጅ መምጣት ይችላል። አሥሩን መስመር አብረን እንጽፋለን። ላፕቶፕ የሌለው እኛ ጋ አለ። ወላጆችም ኑ፤ ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሌሊት ሥራ ያለባችሁ ሰዓቱን ንገሩን፤ ቀደም ብለን እንከፍታለን።